ውሻዬ ቡላ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር አለበት ተባልኩ፤ ኬሞ ላስጀምረው ወይስ ላሳርፈው?

ጥያቄዬን በዚህ የኢንተርኔት መድረክ የለጠፍኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሥራ እረፍቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ አልተናገርኩም። ለእህቴም አልደወልኩም። ለውሻዬ አለቀስኩ ብዬ ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ስነግራት ቀሎኝ ነበር። ለአገሬ ሰው ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

እንዲህ ነበር የጻፍኩት። ቡላ ጎልደን ሪትሪቨር ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሆና ለምና ያስገዛችኝ ነው። አሁን እሷ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ቀረን። ጠዋት ከሥራ ስገባ አንድ ጫማዬን በአፉ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ባለፈው ሰሞን የአንገት ማሰሪያውን ሳስርለት ጣቴ መንጋጭላው ሥር ሁለት እብጠት አገኘ። ሎሚ ያካክላሉ። ስነካቸው አላመመውም፤ ጭራውን እየቆላ ያየኛል። ሐኪሟ ከትከሻው ፊትና ከጉልበቱ ጀርባ ስትዳስስ እዚያም አለ። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደች። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር ነው አለችኝ። ካልታከመ ከአንድ ወር ብዙም እንደማያልፍ፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ግን ዓመት ገደማ ሊቆይ እንደሚችል፣ ዋጋው ከ8,000 ዶላር በላይ እንደሆነ ነገረችኝ።

ጥያቄዬ ሦስት ነበር። ላሳክመው ወይስ ይቅርብኝ? ወለሉን በበረኪና ስለማጥብ ነው የታመመው? እናንተስ እንዴት ቻላችሁት?

እስከ ዛሬ 34 መልስ መጥቷል። ነገ በዚሁ ጥያቄ ሌላ ሰው ሊመጣ ስለሚችል እዚህ ላሰባስበው።

ቁጥር 1 አሌክሳንድሪያ የምትኖር እናት ናት። ምክር አልሰጠችኝም። እህቴ ብላ ጠርታ የራሷን ውሻ ከሁለት ዓመት በፊት እንደቀበረች፣ የሚበላበትን ሳህን ግን እስከ ዛሬ ከኩሽና ለማንሳት አቅም እንዳጣች ነገረችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ቡላ ዛሬ ምን እንደበላ ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እንባዬን እየጠረግሁ ነው የመለስኩላት።

ቁጥር 2 ዳላስ ያለ ሰው ነው። የእሱ ውሻ ካንሰር ጣፊያው ላይ ነበር። ሄማንጂዮሳርኮማ ይባላል፤ ከደም ሥር የሚነሣ ነው። ምንም ምልክት አላሳየም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደቀ፤ ድዱን ገልጠው ሲያዩት ወረቀት መስሏል። ዕጢው ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ ይደማ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የሚመረጥ ነገር አልቀረም፤ በዚያው ቀን ተሰናበተው። ለእኔ ጊዜ እንደተሰጠኝ ጻፈልኝ። ትንሽ እንደቀናብኝም አልደበቀም።

ነገሩን የቀየረው ቁጥር 3 ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ቢሾፍቱ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ፕሬድኒሶን የሚባለውን ክኒን ጀምሬለት እንደሆነ ነው። ክኒኑ እብጠቱን ቶሎ እንደሚያጠፋ፣ የምግብ ፍላጎትንም እንደሚከፍት ነገረኝ። ነገር ግን ለሳምንታት ብቻውን ከተሰጠ የካንሰሩ ሕዋሳት መድኃኒት መቋቋምን ይለምዳሉ። ኋላ ኬሞ ቢመጣ የሚገባውን ያህል አይሠራም። ስለዚህ ውሳኔው ከክኒኑ መቅደም እንዳለበት አስጠነቀቀኝ።

ይህን ሳነብ ቤት ነበርኩ። የክኒኑ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዷን ፍሬ ቺዝ ውስጥ ጠቅልያታለሁ። ቡላ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ለሃጩን እያንጠባጠበ እጄን ያያል። ክኒኗን አወጣሁና ቺዙን ብቻ ሰጠሁት። ያዘዘልኝ ክሊኒክ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልነገረኝም ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁጥር 4 ሚኒያፖሊስ የእንስሳት ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት የምትሠራ ልጅ ናት። ቁጥር 3ን በአክብሮት አረመችው። ሁለት ሦስት ቀን የወሰደ ውሻ ሁሉ አለቀለት ማለት እንዳልሆነ፣ ዋናው ነገር ለካንሰር ሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር እንደሆነ አስረዳች። ፕሬድኒሶን ራሱ ከሕክምናው አንዱ ነው። መድኃኒቶቹ አራት ናቸው፤ ቪንክሪስቲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ፕሬድኒሶን። እየተፈራረቁ ለአምስት ወር ገደማ ይሰጣሉ። ሊምፎማው ቢ የሚባለው ዓይነት ነው ወይስ ቲ የሚለውን እንዳስመረምርም ነገረችኝ፤ ብዙ ጊዜ ቢ የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል። ሌላም የማላውቀው ነገር ጨመረች። ለሰው ኬሞ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ካንሰሩን ነቅሎ ለማጥፋት ስለሆነ መጠኑ ከባድ ነው። ለውሻ ግን የሚለካው የቀረውን ዕድሜ ደህና ሆኖ እንዲኖር ነው። አብዛኞቹ ውሾች እንደ ሰው አይሠቃዩም። ቁጥር 3 እርማቱን ተቀብሎ አመሰገናት።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ቁጥር 5 ገባ። እህቴ አላለኝም፤ ሰላምታም የለ። አገር ቤት ሰው የኩላሊት እጥበት መክፈያ አጥቶ እየሞተ ለውሻ 8,000 ዶላር ማውጣት ነውር እንደሆነ ጻፈ። ዶላሩን በብር መንዝሮ ስንት ቤተሰብ ስንት ወር እንደሚያኖር አሰላው። ፈረንጅ ሆናችኋል ብሎ ዘጋው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ልናገር፤ ያንኑ ሒሳብ እኔም ሌሊት ሌሊት ስሠራው ነበር።

ቁጥር 6 አልማረውም። መኪናው ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀው፤ የራሱን ኪስ እንዲቆጥር መከረው። ቁጥር 7 እና 8 አሁን የሉም። ስድብ ስለነበረባቸው አስተዳዳሪው አንስቷቸዋል።

ከዚያ ቁጥር 9 መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ መንዝ ያደጉ አባት ናቸው። ልጆቼ ብለው ገቡ። በልጅነታቸው በግ ሲጠብቁ አያስነካ የሚባል ውሻ ነበራቸው። በዚያ ዘመን የውሻ ስም እንዲሁ አይወጣም፤ ለጎረቤት መልእክት ይተላለፍበታል፤ ሲጠሩት የሚሰማው ሰው ይሰማል። አንድ ክረምት ጅብ በረት ገብቶ ተናነቀው። አያስነካ በጎቹን አተረፈ፤ አንገቱ ግን ክፉኛ ቆሰለ። አባታቸው ልጆቻቸውን እንኳ ስመው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቁስሉን ቅቤ ቀቡት፤ ሦስት ሌሊት ምድጃው ዳር አብረውት አደሩ። በአራተኛው ቀን ሲሞት ከግራር ሥር ቀበሩት። ማታ እራት ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተነሡ። ከጎረቤት የሳቀባቸው ሰው አልነበረም። አባ ለቁጥር 5 በቀጥታ የተናገሩት ይህንን ነው፤ ለውሻ ማዘን ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም።

ይህን መልስ አትሜ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

በቁጥር 10 ያ ሰውዬ ተመለሰ። ድምፁ ተቀይሯል። እናቱ አዲስ አበባ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት እንደሚያደርጉ ነገረን። እሱ የጭነት መኪና ይነዳል፤ የሚልከው ገንዘብ ሁልጊዜ ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያልቃል። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ቁጥር 11 የእኔ ነው። እኔም ለእህቴ በየወሩ እንደምልክ፣ ለቡላ ብዬ እንደማላቋርጥ ጻፍኩለት። የእናቱንም የክርስትና ስም ለጸሎት ጠየቅሁት። ጠዋት ስነሣ ስሙን በግል መልእክት ልኮልኛል።

ቁጥር 12 ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን አደጋ ነበረው። የሺፈራው ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ ፈጭቼ፣ ጊሽጣ ቅጠል አፍልቼ እንድሰጠው መከረችኝ። አቅም እንዲያገኝ ደግሞ ዶሮ ወጥ በትንሽ በትንሹ። ቁጥር 13 ሐኪሙ ነው፤ በዚህ ጊዜ አልተለሳለሰም። ከዕፅዋቱ አንዱም የውሻ ሊምፎማ እንደሚያድን እንዳልተረጋገጠ፣ ከኬሞው ጋር ሊጋጭም እንደሚችል ጻፈ። ወጡን ግን በፍጹም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቁጥር 14 ራሷ ተቀየመች። አያቷ ቤት ውሾቹ የወጥ ትራፊ እየበሉ እንዳረጁ ተናገረች። ቁጥር 15 የሚኒያፖሊሷ ልጅ ናት። በትዕግሥት አስረዳቻት። ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋስን ይሰባብራል። ተቀቀለ ተጠበሰ ለውጥ የለውም። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ቀናት ይወስዳል። ጤነኛው ውሻ ትንሿን ሊችላት ይችላል። ኬሞ ላይ ያለ፣ ደሙ የወረደ ውሻ ግን አይችልም። ስለዚህ ዶሮው በውኃ ብቻ ይቀቀልለት፤ ጨው የለ፣ ቅመም የለ። እኔም አሁን የማደርገው ይህንን ነው።

ስለ በረኪናው የመለሰልኝ ቁጥር 16 ነው። ጎልደን ሪትሪቨር ካንሰር ከሚበዛባቸው ዘሮች አንዱ እንደሆነ ነገረኝ። ሞሪስ አኒማል ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ3,000 በላይ ጎልደኖችን ከልጅነታቸው አንሥቶ ዕድሜ ልካቸውን እየተከታተለ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ። የእያንዳንዷን ቤት ውኃ፣ ምግብና ማጽጃ ሳይቀር ይመዘግባሉ። እነሱ እየለፉበት ያለውን ጥያቄ እኔ በአንድ ሌሊት ራሴ ላይ ፈርጄ እንዳልዘጋው ለመነኝ። ትንፋሽ ሰጠኝ።

ከ17 እስከ 20 ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ ኦርቶዶክስ ሆኖ ውሻ ቤት ውስጥ ማኖር ይቻላል ወይ ብሎ ጀመረ። ሌላዋ ጠበል ብትረጨው ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ዲያቆን ረጋ ብሎ መለሰ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ፣ ቤት ማሳደር ግን ሌላ ጉዳይ እንደሆነ፣ የጠበሉን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር መከራት። ከዚያም ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ለመንገድ ሲነሣ ውሻው ተከትሎት እንደሄደ አስታወሰን። መጽሐፈ ጦቢት ላይ አለ። ስንት ጊዜ ሰምቼው ያቺን ውሻ ልብ ብያት አላውቅም ነበር። ቁጥር 21 ደግሞ ጃንሆይ ስለሚወዷት ትንሿ ቺዋዋ፣ ስለ ሉሉ አነሣ። ጥቂት ሰዎች በዚያው ወደ ድሮ ቤተ መንግሥት ወሬ ሊወስዱት ሲሉ አስተዳዳሪው መለሳቸው።

ቁጥር 22 ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ከመንገድ ላይ ያነሣት ውሻው ከብልቷ ደም ይወርዳታል፤ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ በቅሎባታል። ካንሰር ነው ስለተባለ በመርፌ ሊያስተኛት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሐኪሙ በቁጥር 23 ቶሎ ያዘው። ይህ ካንሰር በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ነው። የሚተላለፈው ቫይረስ ሳይሆን የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ነው፤ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ይተከላል። ልቅ ውሾች በሚበዙበት ከተማ የተለመደ ነው። ቪንክሪስቲን በሳምንት አንድ ጊዜ ሲወጋ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ለቡላ ከሚሰጡት አራቱ አንዱ ያው መድኃኒት ነው። ካንሰር የሚለው ቃል አንድ ሆኖ በሽታው ግን ስንት ዓይነት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ልጁ ቀጠሮውን ሰረዘ።

ቁጥር 24 ፍራንክፈርት ያለች ሴት ናት። ሮትዋይለሯ የአጥንት ካንሰር ይዞት የፊት እግሩ ተቆርጧል። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ እሱ በማግስቱ ሦስት እግሩን ይዞ ሽንቱን ሊሸና ወጣ። ከዚያ አሥር ወር ኖረ። ወለሉ ስለሚያንሸራትተው ቤቷን በሙሉ ምንጣፍ አለበሰችው። ቁጥር 25 የሁለት ልጆች አባት ነው። ውሻቸው ሲሞት ለትንሹ ልጅ ተኛ ብሎ ነግሮት ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ ማታ መተኛት ፈራ። ሞተ የሚለውን ቃል ለሕፃን መንገር እንደሚከብድ፣ ግን መነገር እንዳለበት ጻፈ። እኔም ለልጄ በስልክ የነገርኳት በዚሁ መንገድ ነው፤ ካንሰር ነው፣ አይድንም፣ ጊዜ ግን አለን።

ስለ መጨረሻው መርፌ ሲነሣ ውይይቱ እንደገና ጋለ። ቁጥር 26 ነፍስ የሚወስድ ፈጣሪ ብቻ እንደሆነ፣ የሚያስወጋም ሰው በደም እንደሚጠየቅ ጻፈ። ቁጥር 27 በንዴት መለሰችለት። የእሷ ውሻ ሁለት ቀን አየር አጥሮት ሲጣጣር አጠገቡ ቁጭ ብላ አይታለች። ያኔ ባለመወሰኗ ዛሬም እንቅልፍ የላትም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ጊዜው ሲደርስ አላሠቃየውም።

ግን ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ? ቁጥር 28 ለዚህ መልስ ነበረው። አሊስ ቪላሎቦስ የተባለች የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያወጣችው መለኪያ አለ። ሰባት ነገር ታያለህ፤ ሕመሙን፣ መብላቱን፣ ውኃ መጠጣቱን፣ ንጽሕናውን፣ ደስታውን፣ መራመዱን፣ ከመጥፎው ቀን ደጉ መብዛቱን። ለእያንዳንዱ ከ10 ትሰጣለህ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ሕይወቱ አሁንም ደህና ነው። ቁጥር 29 ሐይፋ ያለች እህት ናት። እሷ የቀን መቁጠሪያ ላይ ደጉን ቀን በአረንጓዴ፣ መጥፎውን በቀይ እንደምታቀልም ነገረችኝ፤ ልብ ይዋሻል፣ ቀለሙ ግን አይዋሽም ባይ ናት። መጨረሻውንም ቤቷ ውስጥ ነው ያደረገችው። መጀመሪያ የሚያስተኛው መርፌ ተሰጠው፤ ጭኗ ላይ ራሱን ጥሎ አንኮራፋ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኑ ክፍት ሆኖ እንደሚቀር ቀድማ ብታውቅ ኖሮ እንደማትደነግጥ ጽፋ እኔን አስቀድማ አዘጋጀችኝ።

ቁጥር 30 የእኔ ነው። አስጀመርኩት። ምርመራው ቢ ሆነ። ገንዘቡን ልንገራችሁ። ዕቁባችን ውስጥ ተራዬ ሩቅ ነበር። በዚያ ወር የደረሳት ጓደኛዬ ምንም ሳትጠይቀኝ ቦታዋን ለወጠችኝ። ውሻ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። የጎደለውን በየወሩ እከፍላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከፊት እግሩ ላይ ጥቂት ፀጉር ተላጭቶ፣ ሐምራዊ ፋሻ ታስሮለት ወጣ። ከመኪናው ወርዶ ሮጠ። በሦስተኛው ቀን አስመለሰው፤ የማቅለሽለሽ ክኒን ሰጠሁት፤ በማግስቱ ዶሮውን ላፍ አደረገ። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ነጭ የደም ሕዋሱን ይቆጥራሉ፤ አንድ ጊዜ ወርዶ ሳምንት ተዘለለ። ፀጉሩ አልረገፈም፤ ጢሙ ግን ረግፏል። ከመርፌው በኋላ ለሦስት ቀን ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት ነው የማነሣው፤ መድኃኒቱ በዚያ ስለሚወጣ። ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ እንዳታነሣልኝ ነግሬያታለሁ። በሳምንቱ ሎሚዎቹ ባቄላ አከሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጣቴ አላገኛቸውም። ይህ መዳን አይደለም። ሊመለስ እንደሚችል፣ ብዙ ጊዜም እንደሚመለስ አውቃለሁ።

ቁጥር 31 የአዲስ አበባው ልጅ ነው። አምስት መርፌ ወስዳ ደሟ ቆሟል፤ ሥጋው ጠፍቷል። ቁጥር 32 ሐኪሙ ነው፤ እንዲያስመክናት አሳሰበው። ቁጥር 33 ቁጥር 1 ናት፤ ሳህኑን አጥባ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ።

ቁጥር 34 የገባው ትናንት ማታ ነው። ያ የጭነት መኪና ነጂ ነው። የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ቡላ ዛሬ በልቶ እንደሆነ ጠይቋል።

አሁን 11ኛው ሳምንት ላይ ነን። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስገባ ጫማዬን ይዞ በሩ ላይ ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተንበርክኬ ሁለት ጣቴን መንጋጭላው ሥር ሰደድኩ፤ በየቀኑ እንደማደርገው። ለስላሳ ነው። ዶሮውን ጣድኩ፣ የዛሬዋን ቀን አረንጓዴ ቀባሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ለቁጥር 34 መጻፍ ጀመርኩ። አዎ፣ በልቷል። እናትህስ እንዴት አደሩ?